ከባራካ እስከ አል ማቃም፦ የኒውክሌር መብራት ለኢትዮጵያስ ይሆናት ይሆን?

በአቡ ዳቢና በአል ዐይን ቤቶች ከሚበራው መብራት ውስጥ የኒውክሌር ድርሻ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ ለመሄድ ከሩሲያ ጋር ተፈራርማለች

በሐምሌና በነሐሴ የአል ማቃም ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ በየቪላው ኤሲው ቀንም ሌትም አይጠፋም። ፍሪጁ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ካውያው፣ የውኃ ማሞቂያው ሁሉ ከዚያው መስመር ላይ ናቸው። የወሩ ሂሳብ መጥቶ ቀዩ መስመር ውስጥ ሲገባ ማዳም "ማነው ኤሲውን ባዶ ክፍል ውስጥ የተወው?" ብላ ትቆጣለች።

መብራቱ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ግን ብዙ ጊዜ አናነሳም። "የነዳጅ አገር ስለሆነ በነዳጅ ነው" ብለን እናልፈዋለን።

እርግጥ ነው፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ አሁንም ትልቁን የኤሌክትሪክ ድርሻ የምታገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከአራት እጅ አንዱ ግን ነዳጅም ጋዝም ከማይቃጠልበት ከባራካ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ይመጣል።

ባራካ የሚገኘው በአቡ ዳቢ አል ዳፍራ አካባቢ፣ ከሩዌይስ ከተማ 53 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቆ በባሕሩ ዳር ነው። ከአል ዐይን በቀጥታ መስመር ሲለካ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስሙ በአረብኛ "በረከት" ማለት ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በአረቡ ዓለም የመጀመሪያው ለሕዝብ ኤሌክትሪክ የሚያቀርብ የኒውክሌር ማመንጫም ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2009 ነው። አቡ ዳቢ በኬፕኮ ለሚመራው የደቡብ ኮሪያ ኩባንያዎች ጥምረት አራት ማብላያዎችን እንዲሠራ ውሉን ሰጠች። የውሉ ዋጋ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው በፈረንጆቹ ሐምሌ 2012 ሲሆን፣ አንደኛው ማብላያ በ2017 ሥራ ይጀምራል ተብሎ ነበር። አልሆነም። የሠራተኞች ሥልጠናና የፈቃድ ምርመራ ጊዜ ወስዶ መብራቱ ከአገሪቱ መስመር ጋር የተገናኘው ነሐሴ 2020 ላይ ነው። አራተኛውና የመጨረሻው ደግሞ መስከረም 2024 ሙሉ ሥራ ጀመረ።

ከውሉ እስከ መጨረሻው ማብላያ 15 ዓመት መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ እንፈልገዋለን።

አራቱ ማብላያዎች በአንድነት 5 ሺህ 600 ሜጋ ዋት፣ በዓመት ደግሞ 40 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫሉ።

ትልቅ የፕሬዠር ድስት

የኒውክሌር ማመንጫ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቦምብ ነው። በውስጡ ያለው ሥራ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ከምናውቀው ብዙም አይርቅም፤ ውኃ ማፍላት ነው።

የጋዝ ማመንጫ ጋዝ አቃጥሎ ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን የሚባለውን ትልቅ ማዞሪያ ያሽከረክራል፤ እሱም መብራት ያመነጫል። በኒውክሌሩ የሚለወጠው እሳቱ ብቻ ነው። ዩራኒየም የተባለው ማዕድን በጣት ጫፍ ልክ ተጠፍጥፎ በረጃጅም ዘንጎች ውስጥ ይደረደራል። የዩራኒየሙ ፍሬ ነገር፣ አቶሙ፣ ለሁለት ሲሰነጠቅ ሙቀት ይሰጣል፤ ስንጥቁም ቀጣዩን ይሰነጥቃል። አንዷ የጣት ጫፍ የምታክል ቁራጭ የአንድ ቶን ድንጋይ ከሰል ያህል ሙቀት አላት።

የባራካ ዓይነቱ ማብላያ ፕሬዠር የምንለውን ድስት ይመስላል። ድስቱ ሲታፈን ውኃው ከመቶ ዲግሪ አልፎ ይሞቃል፤ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል። በማብላያው ውስጥም ግፊቱ ከአየሩ ግፊት ከ150 እጥፍ በላይ ስለሆነ ውኃው ከ300 ዲግሪ አልፎም አይፈላም። ይህ የጋለ ውኃ በቧንቧ ውስጥ ሆኖ ሌላ ንጹሕ ውኃ ያሞቃል፤ ተርባይኑን የሚያዞረው የሁለተኛው ውኃ እንፋሎት ነው። ሁለቱ ውኃዎች አይቀላቀሉም።

ማብላያውን ማቆም ሲያስፈልግ ስንጥቁን የሚያስቆሙ ዘንጎች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ በሰከንዶች ይቆማል። አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የተዳፈነ እሳት ያየ ሰው ይገባዋል። ነበልባሉ ጠፋ ብሎ አመዱን በእጁ የሚዝቅ የለም፤ ከሥር ረመጥ አለ። የማብላያውም ነዳጅ እንደዚያው ነው። ከቆመ በኋላም መጀመሪያ ላይ የሙሉ ሙቀቱን ሰባት በመቶ ያህል ይሰጣል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይበርዳል። እስኪበርድ ድረስ ውኃ ሳይቋረጥ ሊዞርበት ይገባል። ውኃውን የሚያዞረው ፓምፕ ደግሞ መብራት ይፈልጋል።

በጃፓን ፉኩሺማ በፈረንጆቹ መጋቢት 2011 የሆነው ይኸው ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ማብላያዎቹ እንደ ደንቡ ቆሙ። ከደቂቃዎች በኋላ የመጣው የባሕር ማዕበል ግን ጄኔሬተሮቹን አሰጠመ። ፓምፖቹ ቆሙ፤ ረመጡ ራሱን አቀለጠ።

ቼርኖቤል ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 1986 በዚያ የፈነዳው ማብላያ አሠራሩ ችግር የነበረበት ሲሆን፣ ከላይ የሚሸፍነው ወፍራም የኮንክሪት ግንብም አልነበረውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 30 ያህል ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ተከላካዮች ሞተዋል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ደግሞ ከቤታቸው ተነስተዋል። በባራካ እያንዳንዱ ማብላያ በኮንክሪትና በብረት ግንብ የታሸገ ነው።

አሁን ዓለምን የሚያሳስበው የዩክሬኑ ዛፖሪዥያ ነው። በአውሮፓ ትልቁ የሆነው ይህ ማመንጫ ከፈረንጆቹ መጋቢት 2022 ጀምሮ በሩሲያ ጦር እጅ ይገኛል። ስድስቱም ማብላያዎች ቢቆሙም ማቀዝቀዣው መብራት ስለሚፈልግ፣ በጦርነቱ መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር ሥጋት ይነሳል።

በባሕረ ሰላጤውም ሥጋቱ የለም አይባልም። ጎረቤት ኳታር በፈረንጆቹ 2019 በባራካ ላይ ያላትን ስጋት ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አቅርባ ነበር። ኤምሬትስ በበኩሏ ማመንጫው በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራ መሆኑን ገልጻ ስጋቱን አልተቀበለችም። ከባሕሩ ማዶ የኢራኑ ቡሼህር ማመንጫም ከ2011 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የአረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ከሚጠጡት ውኃ ብዙው የሚመጣው ከዚያው ባሕር ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ስለ ቦምቡም አንድ ነገር እንበል። ለማመንጫ የሚሆነው ዩራኒየም የበለጸገው ከአምስት በመቶ በታች ነው፤ ለቦምብ ወደ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ኤምሬትስ በፈረንጆቹ 2009 ከአሜሪካ ጋር ባደረገችው ስምምነት በአገሯ ዩራኒየም ላለማበልጸግ ቃል ገብታለች፤ ነዳጁን ከውጭ ትገዛለች።

አንድ ቀን ስልካችሁ ላይ "ባራካ ፈነዳ" የሚል የቲክቶክ ቪዲዮ ቢመጣ መጀመሪያ የመንግሥትን ማስታወቂያ ተመልከቱ። እንዲህ ያለ አደጋ በእርግጥ ከተከሰተ በየትኛውም አገር የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር ተመሳሳይ ነው፦ ቤት ውስጥ መቆየት፣ በርና መስኮት መዝጋት፣ የውጭ አየር የሚያስገባ ማናፈሻ ማጥፋትና መመሪያ መጠበቅ። የአዮዲን ጽላት የሚባለውም ባለሥልጣናት ሳያዝዙ የሚዋጥ አይደለም።

ፍርሃታችን ልኩን እንዲያገኝ ግን ሌላ ቁጥር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ይህ እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት የእንጨትና የኩበት ጭስ ነው። ለሱ ማንም ሳይረን አይነፋም።

የቧንቧው ውኃ

አል ዐይን በአረብኛ "ምንጭ" ማለት ነው። የቴምር እርሻዎቹን ያጠጣው አፍላጅ የሚባለው የጥንት የውኃ ቦይ ዛሬም አለ፤ ዩኔስኮም በፈረንጆቹ 2011 መዝግቦታል። በአል ማቃም ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ግን በአብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውኃ ነው። ከፊሉ ከፉጄራ ዳርቻ፣ ከቂድፋ ተነስቶ ተራራ አቋርጦ በቧንቧ ይመጣል።

ቀደም ሲል ይህ ሥራ ከጋዝ ማመንጫ ጋር የተጣበቀ ነበር። ማመንጫው መብራት ሲያመነጭ በሚተርፈው ሙቀት የባሕር ውኃ ይተናል፤ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ንጹሕ ውኃ ይሆናል። ችግሩ በክረምት ነው። ኤሲ ስለሚጠፋ መብራት ብዙ አይፈለግም፤ ሰው ግን ውኃ መጠጣቱን አይተውም። ስለዚህ ለውኃው ሲባል ብቻ ጋዝ ይቃጠል ነበር።

አሁን የተለመደው ሌላ ዘዴ ነው። የባሕሩ ውኃ በኃይለኛ ፓምፕ ተገፍቶ ጨው በማያሳልፍ ስስ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። ይህ የሚፈልገው መብራት ብቻ ነው። በአቡ ዳቢ የሚገኘው የታዊላህ ማጣሪያ በዚህ መንገድ በቀን ከ900 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ያመርታል። መብራቱ ከባራካ ወይም ከጸሐይ ሲመጣ ውኃው ያለ ጋዝ ይገኛል ማለት ነው። በእኔ እይታ ለዚህ አገር የኒውክሌሩ ትልቁ ጥቅም ከኤሲው ይልቅ ይኸኛው ነው፤ ብዙም አይወራለትም።

የዓለም ውርርድ

ዛሬ ዓለም ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ኒውክሌር የሚሸፍነው ዘጠኝ በመቶ ያህሉን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ 17 በመቶ ደርሶ ነበር። ከቼርኖቤል በኋላ ብዙ አገሮች መሥራት ቀነሱ፤ ከፉኩሺማ በኋላ ደግሞ ጀርመን ጨርሳ ለመውጣት ወስና የመጨረሻዎቹን ሦስት ማብላያዎች በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2023 ዘጋች።

አሁን ነፋሱ ዞሯል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዱባይ ባስተናገደችው ኮፕ 28 ጉባኤ ከ20 በላይ አገሮች የዓለምን የኒውክሌር አቅም እስከ 2050 በሦስት እጥፍ ለማሳደግ ተስማሙ። ቻይና ከማንም በላይ እየገነባች ነው። ማይክሮሶፍትም በ2024 በአሜሪካ ተዘግቶ የነበረ ማብላያ ተመልሶ እንዲከፈት የ20 ዓመት የግዢ ውል ፈረመ፤ ለኮምፒውተር ማዕከሎቹ ነው። በዚህ ዘመን ስልካችን ላይ የምናየው ቪዲዮና የምንጠይቀው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሳይቀር መብራት ይበላል።

ሁሉም ግን እንደ አቡ ዳቢ አልተሳካለትም። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የተሠሩት ሁለት የቮግትል ማብላያዎች ሰባት ዓመት ዘግይተው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅተዋል።

የሚገርመው፣ ኒውክሌርን የሚገዳደረው ነገር እዚሁ አጠገባችን መኖሩ ነው። ከአል ዐይን ወደ አቡ ዳቢ ስትሄዱ በስዌይሐን በኩል ካለፋችሁ በፈረንጆቹ 2019 ሥራ የጀመረው ኑር አቡ ዳቢ የጸሐይ ማመንጫ እዚያ አለ፤ ወደ 1 ሺህ 200 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ጸሐይ ግን ማታ የለችም፤ እስካሁን የኒውክሌር ዋና መከራከሪያም ይህ ነበር።

በጥር 2025 አቡ ዳቢ ለዚህ መልስ የሚሆን ዕቅድ ይፋ አደረገች። 5 ሺህ 200 ሜጋ ዋት የጸሐይ ፓነል ከግዙፍ ባትሪ ጋር ተገጥሞ 1 ሺህ ሜጋ ዋት ሌት ተቀን ያለማቋረጥ እንዲሰጥ ነው። ወጪው 6 ቢሊዮን ዶላር ያህል፣ ማጠናቀቂያው 2027 ተብሏል። ይህ እንደታሰበው ከሠራ፣ በረሃና ጸሐይ ያለው አገር ሁሉ "15 ዓመት ለምን እጠብቃለሁ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የእኛስ?

ኢትዮጵያና ሩሲያ በኒውክሌር ኃይል ሰላማዊ አጠቃቀም ላይ በፈረንጆቹ 2019 ስምምነት ተፈራርመው ነበር። በመስከረም 2025 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተገኙበት በሞስኮ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ ከሩሲያ ጋር ተፈርሟል።

ይህ የሆነው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። በዚያ ግድብ ውስጥ ከዚሁ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከደመወዛቸው ቀንሰው ቦንድ የገዙ እህቶች ገንዘብ አለ። እና ብዙዎች "ግድቡ አልቆ የለ፣ ደግሞ ኒውክሌር ለምን?" ቢሉ አይፈረድባቸውም።

መልሱ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ይታያል። ግድቡ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው፤ ባራካ 5 ሺህ 600። በወረቀት ላይ እኩያ ናቸው። በዓመት የሚሰጡት ግን አይቀራረብም፦ የግድቡ ዕቅድ 15 ሺህ 700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን የባራካው 40 ሺህ ነው።

ምክንያቱ ዓባይ ነው። ወንዙ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፤ 13ቱም ተርባይኖች ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ጉልበት ሊዞሩ አይችሉም። ማብላያ ግን ዝናብ አይጠብቅም፤ ነዳጅ ለመቀየርና ለጥገና ካልቆመ በቀር ሌት ተቀን ይሠራል። ኢትዮጵያ መብራቷን ከሞላ ጎደል ከወንዝ ስለምታገኝ፣ ዝናብ ለሁለት ሦስት ዓመት ቢጠፋ የምትደገፍበት ሌላ ነገር መፈለጓ ምክንያታዊ ነው።

ዋጋውስ? ግድቡ የፈጀው 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ሩሲያ በግብፅ ኤል ዳባ ለምትገነባው 4 ሺህ 800 ሜጋ ዋት ማመንጫ ለካይሮ ያበደረችው 25 ቢሊዮን ዶላር ነው። ኢትዮጵያም በብድር የምትገነባ ከሆነ ዕዳው የሚከፈለው በውጭ ምንዛሬ ነው፤ ከምንዛሬው ምንጮች አንዱ ደግሞ በየወሩ ከዚህ የሚላከው ሐዋላ ነው። ስለዚህ የወለዱን መጠንና የመክፈያውን ዘመን መጠየቅ የናንተም ጉዳይ ነው።

ቦታውም ያሳስባል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አፈናቅሏል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ያለ፣ ውኃ በቂ የሆነበት ቦታ መምረጥ የዓመታት ጥናት ይጠይቃል።

ያገለገለው ነዳጅም የትም አይጣልም። መጀመሪያ ለዓመታት በውኃ ገንዳ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው መራቅ አለበት። ፊንላንድ ለዚህ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ዋሻ በዓለት ውስጥ ቆፍራለች። ባራካ ለአንደኛው ማብላያ ያገኘው የሥራ ፈቃድ ራሱ ለ60 ዓመት ነው። ይህን የሚያክል ዘመን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከፖለቲካ ነጻ ሆኖ "አቁሙ" ማለት መቻል አለበት። አቡ ዳቢ ይህን ተቆጣጣሪ ያቋቋመችው ውሉን በፈረመችበት በዚያው ዓመት ነው። እኔ ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤት በየጊዜው ይታጠፋል፣ ይዋሃዳል፣ ስሙ ይቀየራል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽቦው አለ። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት የለውም። ለብዙው ገጠር ችግሩ የማመንጫ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ከዋናው መስመር እስከ መንደሩ የሚደርስ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ የለም። ግድቡ ሲመረቅ ቤታቸው ያልበራላቸው ሰዎች ኒውክሌሩም ቢመረቅ ሽቦ ካልተዘረጋ አይበራላቸውም። ለሽቦ ምረቃ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ብዙ አላየሁም።

በአፍሪካ እስካሁን የሚሠራው አንድ የኒውክሌር ማመንጫ ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ 1984 ሥራ የጀመረው የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ። ኢትዮጵያ ገንዘብ እንዳላት እንደ አቡ ዳቢ ፈጥና ብትሄድ እንኳ፣ በ2025 ከተፈረመው ዕቅድ ተነስተን 15 ዓመት ብንቆጥር የመጨረሻው ማብላያ የሚበራው በ2033 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ደርሷል።

እስከዚያው በገጠር ላለው ቤተሰብ የሶላር መብራት መግዣ የምትልኩ ከሆነ፣ ስለ ፓነሉ ስፋት ብቻ ሳይሆን ስለ ባትሪው ዓይነትና ዋስትና አስጠይቁ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው፤ ፓነሉማ ጣራ ላይ ለዓመታት ይቆያል።